ከነፋስ ስልክ እስከ ዋይፋይ፦ የሽቦ አልባ ግንኙነትና የእክሉ ስያሜ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ

1. መግቢያ

አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ሲገባ ሁለት ዐይነት ስያሜ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው መሣሪያው ራሱ የሚጠራበት ስም ነው። ሁለተኛው መሣሪያው አልሠራ ያለ ዕለት እክሉ የሚገለጽበት ቃል ነው። በሙያ ቃላት ሥራችን ብዙው ድካም የፈሰሰው በመጀመሪያው ላይ ነው። ለዕቃው ስም ይፈለጋል፤ ስሙ ከግእዝ ይምጣ ወይስ ከውጭ ቋንቋ ይወሰድ በሚለው ላይ ክርክር ይደረጋል፤ ስሙ ከተገኘ በኋላ ግን ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል። የዕቃው ብልሽት በምን ቃል እንደሚነገር፣ ተናጋሪውም በዚያ ቃል ተመርቶ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሽቦ አልባ ግንኙነት በአማርኛ የተሰየመበትን ታሪክ ከነእክሉ ስያሜ አያይዞ መመርመር ነው። ለምርመራው የተመረጠው አካባቢ የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። አካባቢው በጥልቅ ሸለቆዎች የተከፋፈለ በመሆኑ፣ የርቀት ግንኙነት ችግር ምን እንደሚመስል እዚያ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በሌላ በኩል የደጋው ሰው ለርቀት፣ ለማዶ፣ ለጥላና ለገደል ድምፅ የዳበረ የቃላት ሀብት አለው። ይህ ሀብት ዛሬ በየቤቱ ለሚያጋጥመው የዋይፋይ እክል ሊውል የሚችል መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

2. የሽቦው ዘመን

በአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ታሪክ የሚጀመረው ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የተዘረጋው የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘ ነበር። ለዚህ አዲስ ነገር አማርኛ የወሰደው ስም «ስልክ» የሚለው ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ ሽቦ ወይም ክር ማለት ነው። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ መሣሪያውን የጠራው በሚያደርገው ሥራ ሳይሆን በሚታየው አካሉ ነው። አውሮፓውያን «የሩቅ ድምፅ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ከግሪክኛ ሲያበጁ፣ እኛ «ሽቦ» አልነው።

ይህ አሰያየም በጊዜው ተገቢ ነበር። ሽቦው ይታያል፤ የተሸከመው እንጨትም ይታያል። ከሽቦው ጋር የተያያዙት አነጋገሮችም በዚያው ልክ ግልጽ ነበሩ። የስልክ እንጨት ወደቀ፤ ሽቦ ተበጠሰ፤ መስመር ተያዘ፤ ማዞሪያው አይመልስም፤ ስልከኛው የለም። እነዚህን አነጋገሮች በሰዋስው ዐይን ስንመለከታቸው አንድ ጠቃሚ ባሕርይ እናገኛለን፤ ይኸውም እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ባለቤት የሚመርጥ መሆኑ ነው። «ወደቀ» የቆመ ነገርን ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንጨትን ይመርጣል። «ተበጠሰ» የተወጠረ ነገርን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሽቦን ይመርጣል። «ተያዘ» ሌላ ያዥ እንዳለ ያመለክታል፤ ስለዚህ መስመርን ይመርጣል። ሰሚው ግሡን ሲሰማ እክሉ የት እንደደረሰ ይረዳል። እንጨት ከወደቀ የሚያቆም ሰው ይላካል፤ ሽቦ ከተበጠሰ የሚቀጥል ሰው ይላካል፤ መስመር ከተያዘ ግን መጠበቅ ይበቃል። የእክሉ ቃል ከነመድኀኒቱ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

3. ነፋስ ስልክና ሽቦ አልባ

የሬዲዮ ሞገድ በአገራችን ለመልእክት መዋል ሲጀምር አማርኛ አንድ አስደናቂ ስም አበጀ፦ «ነፋስ ስልክ»። በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የቆመበት አካባቢ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ኢጣልያ ወረራዋን ልትጀምር በተቃረበችበት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለውጭው ዓለም ንግግራቸውን ያሰሙት በሬዲዮ ነበር። ዛሬ ስሙ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኖ ብዙ ሺህ ሰው በየቀኑ ይጠራዋል፤ ቃሉ በመጀመሪያ ምን ማለት እንደነበረ የሚያስታውሰው ግን ብዙ አይደለም።

«ነፋስ ስልክ» ቃል በቃል ሲፈታ «የነፋስ ሽቦ» ማለት ነው። አሰያየሙ ሊመረመር የሚገባው ነው። ዐረብኛ ለዚሁ ነገር «ላ ሲልኪ» የሚል ቃል አለው፤ ፍቺውም «ሽቦ የሌለው» ማለት ነው። የእንግሊዝኛውም ስም እንዲሁ የተሠራ ነው። ሁለቱም ነገሩን የሚጠሩት በጎደለው ነው። «ነፋስ ስልክ» ግን ነገሩን የጠራው ባለው ነው፤ ሽቦው ቀረ አላለም፤ ሽቦው ነፋስ ሆነ አለ እንጂ። ለፊዚክስ ሊቅ አነጋገሩ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ የሬዲዮ ሞገድ አየር በሌለበት ሕዋም ይጓዛልና። ለቃላት ተመራማሪ ግን ትልቅ ቁም ነገር አለው። ስሙ በላኪና በተቀባይ መካከል አንድ ነገር እንዳለ፣ ያም ነገር መንገድ እንደሆነ ያስታውሳል። መንገድ ካለ ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት፣ የሚጠብበት ወይም የሚጠመዘዝበት ሥፍራ ይኖራል።

ኋላ የተስፋፋው «ሽቦ አልባ» ወይም «ገመድ አልባ» የሚለው ስያሜ የተሠራው በሌላው መንገድ ነው። «አልባ» ከግእዙ «አልቦ» ጋር የተዛመደ ሲሆን ትርጉሙ የሌለው ማለት ነው። ይህ አሠራር በአማርኛ ፍሬያማ ነው፤ ወላጅ አልባ፣ ቤት አልባ፣ ሥራ አልባ እንላለን። ነገር ግን እነዚህ ቃላት ሁሉ ጉድለትን የሚናገሩ ናቸው። ለጓሳ ሣር ገምዶ ገመድ ለሚሠራው የመንዝ ሰው «ገመድ አልባ» የሚለው ስም ምን እንደቀረ ይነግረዋል እንጂ በቀረው ምትክ ምን እንደገባ አይነግረውም። ይህን ስንል ስያሜው ይሻር ማለታችን አይደለም፤ ተለምዷል፤ ግልጽም ነው። የምንለው፣ ሽቦው ከስሙ ሲወጣ እክል የሚደርስበት ሥፍራም አብሮ ከስሙ መውጣቱን ነው።

4. መረብ፣ አውታር፣ ድር

ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ጋር አዲስ የቃላት ጎርፍ መጣ። ለኔትወርክ «መረብ»፣ «አውታር»፣ ኋላም ሁለቱን ያጣመረው «አውታረ መረብ» ቀረቡ፤ ለኢንተርኔት «በይነ መረብ» ተባለ፤ ከድር «ድረ ገጽ» ወጣ። እነዚህ ስያሜዎች ጥሩ መሠረት አላቸው። አውታር የበገናም የድንኳንም ነው፤ የተወጠረና የሚያገናኝ ነገር ነው። ድር ከሽመና ነው፤ የመንዝ ሸማኔ ባናውን ሲሠራ ድሩን ወጥሮ ማጉን ያስገባበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረትም የብዙ ክር አንድነት ኀይል መሆኑን ይናገራል።

በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ያሸነፈው «ኔትወርክ» የሚለው ውሰት ነው። ከእሱ ቀጥሎ «ዳታ»፣ «ፓኬጅ»፣ «ካርድ»፣ «ሆትስፖት» እና «ዋይፋይ» ገቡ። ስለ መጨረሻው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የቤት ውስጥ ሽቦ አልባ መረብ የሚሠራበት ደንብ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስሙ «802.11» የሚል ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ለገበያ ስላልተመቸ በ1999 እ.ኤ.አ. «ዋይፋይ» የሚል የንግድ ስም እንዲወጣለት ተደረገ። ስሙ ለጆሮ እንዲጥም የተፈጠረ እንጂ የአንድ ሐረግ ምሕጻር ሆኖ የተነሣ አይደለም። ስለሆነም ተርጓሚው «ዋይፋይ»ን ለመተርጎም ቢደክም የሚተረጎም ፍሬ ነገር አያገኝም። ስሙን እንዳለ ተቀብሎ ጉልበቱን ወደሚያስፈልግበት ቢያዞር ይሻላል።

የሚያስፈልገው ሥፍራ የትኛው ነው? በአገራችን አነጋገር «ዋይፋይ አለ?» ማለት «ያለ ክፍያ የምጠቀምበት ኢንተርኔት አለ?» ማለት ሆኗል። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ተደርገው ተይዘዋል። በእውነቱ ግን ዋይፋይ ከእጅ ስልኩ ወይም ከኮምፒዩተሩ እስከ ቤቱ ራውተር ድረስ ያለችው አጭር መንገድ ብቻ ናት። ከራውተሩ በኋላ ያለው ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ የአንዱ እክል በሌላው ላይ ይላከካል።

5. የእክል ቃላት፦ ከብዙ ወደ አንድ

ከላይ የሽቦው ዘመን ግሦች ባለቤታቸውን ይመርጡ እንደነበር አይተናል። በኔትወርክ ዘመን የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ባለቤት፣ ማለትም «ኔትወርክ»፣ ሁሉንም ግሥ ሰብስቦ ያዘ። ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ጠፋ፤ ኔትወርክ መጣ፤ ኔትወርክ ሄደ፤ ኔትወርክ ደከመ፤ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ኔትወርክ ተጨናነቀ። ከእነዚህ ውስጥ ስለ እክሉ ሥፍራ አንዳች ነገር የሚናገር የለም። የስልኩ ባትሪ ቢደክም፣ ፓኬጁ ቢያልቅ፣ የይለፍ ቃሉ ቢሳሳት፣ ራውተሩ ከወፍራም ግንብ ጀርባ ቢቀመጥ፣ የጣቢያው መብራት ቢጠፋ፣ ወይም ፋይበር በመንገድ ሥራ ቢቆረጥ፣ የሚሰማው ዐረፍተ ነገር አንድ ነው፦ «ኔትወርክ የለም»።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ግሦቹ ከየት እንደመጡ ሲታይ ነው። «መጣ» እና «ሄደ»፣ «ጠፋ» እና «ተመለሰ» የምንላቸው ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉም፣ ስለ እንግዳና ስለ መብራት ስንናገር ነው። ኔትወርክ የአየር ጠባይን ሰዋስው ወረሰ ማለት ይቻላል። ዝናብን የሚጠግን የለም፤ ዝናብ ይጠበቃል። በጓሳ ሜዳ ዳር ጉም በወረደ ሰዓት ግንኙነት ቢቋረጥ «ጉሙ ነው የወሰደው» ቢባል የሚያስገርም አይሆንም። ስልክም ሆነ ዋይፋይ የሚሠሩባቸውን ሞገዶች ግን ጉም ይህን ያህል አይጎዳቸውም። ኀይለኛ ዝናብ የሚያውከው በጣቢያና በጣቢያ መካከል ከፍተኛ ድግግሞሽ ባለው ሞገድ የሚሠራውን አገናኝ ነው። አነጋገራችን ግን ሁሉን ወደ ሰማይ ይወስደዋል። እዚህ ላይ የቃል ድህነት የቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሰውየው በአምስት ደቂቃ ሊያስተካክለው የሚችለውን እክል ሲጠብቅ ቀኑን ያሳልፋል፤ ወይም ጤነኛውን ራውተር ጥሎ አዲስ ይገዛል።

6. የደጋው መልክዐ ምድርና የሞገድ ቃላት

መንዝ ከጥንት ጀምሮ በሦስት ምድሮች፣ ማለትም በማማ ምድር፣ በላሎ ምድርና በጌራ ምድር ተከፍሎ ይታወቃል። ሞላሌ በማማ፣ መሐል ሜዳ በጌራ ይገኛሉ፤ ወደ ሰሜን ግሼ ራቤል ይቀጥላል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተምዕራብ የጀማ ወንዝና ገባሮቹ ደጋውን ቆርጠው ወደ ዐባይ ይወርዳሉ። መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ያለ ምድር ሲሆን ዋና ከተማው ዓለም ከተማ ነው። በዚህ አገር ከአፋፍ ቆሞ የማዶውን ቤት ጭስ ማየት ይቻላል፤ እዚያው ለመድረስ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን መውጣት ቀኑን ሊፈጅ ይችላል።

ይህ ሁኔታ ለሬዲዮ ሞገድ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ኮምፒዩተሮችን በሬዲዮ ሞገድ ለማገናኘት ከተደረጉት ሙከራዎች ፈር ቀዳጅ የሆነው በ1971 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በኖርማን አብራምሰንና በባልደረቦቹ ሥራ የጀመረው መረብ ነው። ምክንያቱ ሃዋይ በባሕር የተለያዩ ደሴቶች ስብስብ መሆኗ ነበር። ለእነሱ ባሕሩ የሆነባቸውን ያህል ለደጋው ሰው ገደሉ ነው። ብዙ መሣሪያዎች አንድን ሞገድ ተጋርተው እንዲነጋገሩ ለማድረግ ያን ጊዜ የተጀመረው አስተሳሰብ እስከ ዛሬው ዋይፋይ ድረስ ዘር ሆኖ ቀጥሏል።

የሞገዱን ጠባይ ለመግለጽ የደጋው አማርኛ የሚያበረክታቸው ቃላት ቢያንስ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ማዶ» ነው። ማዶ ሩቅ ማለት ብቻ አይደለም፤ በመካከሉ ክፍት ሥፍራ ያለው፣ ከወዲህ ሆኖ የሚታይ ሌላ ወገን ነው። የሬዲዮ መሐንዲሶች ላኪና ተቀባይ ያለ ጋራጅ ሲተያዩ የሚሉት ነገር በትክክል ይኸው ነው። «ጣቢያው ማዶ ለማዶ ነው» ቢባል ደገኛው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሁለተኛው «ጥላ» ነው። ጋራ የፀሐይን ብርሃን እንደሚከልል ሁሉ የሬዲዮን ሞገድም ይከልላል። ከአፋፉ ላይ ሞገድ ሲኖር ከአፋፉ ሥር ሳይኖር የሚቀረው መንደሩ በጥላ ውስጥ ስለሆነ ነው። በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ዋይፋይ የሚጠቀምባቸው ሁለት የታወቁ ድግግሞሾች አሉ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ስንዝር አይሞላም። የ5 ጊጋኸርዙ ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አራት ጣት አይሞላም። አጭሩ ሞገድ ፈጣን ግንኙነት ይሰጣል፤ ግን በግድግዳ ማለፍ ይበልጥ ይከብደዋል። የመንዝ የድንጋይ ግንብ ለብርድ ጥሩ መከላከያ የሆነውን ያህል ለሞገድም መከላከያ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ውሃ የሞላ በርሜልም ሞገዱን ይውጠዋል። «ራውተሩ ጥላ ውስጥ ነው» የሚለው አነጋገር ለመፍትሔው ይመራል፤ ከጥላ ማውጣት ነውና።

ሦስተኛው «ገደል ማሚቶ» ነው። ሞገድ ከገደል፣ ከግንብና ከቆርቆሮ ተንጸባርቆ በብዙ መንገድ ሲመጣ፣ ቀድሞ የደረሰውንና ዘግይቶ የደረሰውን ተቀባዩ ደርቦ ይሰማል። ሸለቆ ዳር ቆሞ የተጣራ ሰው የራሱን ድምፅ ደግሞ ሲሰማ የሚደናገረው መደናገር ነው። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ከውጭ ቋንቋ የተገለበጠ ረጅም ሐረግ ከማበጀት ይልቅ «የሞገድ ገደል ማሚቶ» ማለት በቂ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት የዋይፋይ ደንቦች በብዙ አንቴና አማካይነት ይህንኑ ማሚቶ ለጥቅም የሚያውሉት መሆኑም ቃሉን የበለጠ ተፈላጊ ያደርገዋል።

7. መላ ፍለጋና እክል ልየታ

እክልን ደረጃ በደረጃ መርምሮ የማግኘት ሥራ በአማርኛ ምን ይባል? በስልክና በኮምፒዩተር የአማርኛ ገጾች ላይ «መላ መፈለግ» የሚለው እየተለመደ መጥቷል። ቃሉ ውብ አማርኛ ነው፤ ነገር ግን መላ መድኀኒት ነው። መድኀኒት የሚፈለገው በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው። ሌላው ከሸዋ ልማድ ሊታሰብ የሚችለው «አውጫጭኝ» ነው። ጥፋት ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እየመሰከረ ጥፋተኛው የሚለይበት ሥርዐት ነበር። አንድ በአንድ ንጹሑን እየለዩ ወደ ጥፋተኛው መድረስ የሚለው ሐሳብ ከሥራው ጋር ይመሳሰላል። ይሁን እንጂ ቃሉ የሰው ጥፋትንና ግዳጅን ስለሚያስታውስ ለመሣሪያ አይመችም። ስለዚህ ሁለቱን ድርጊቶች ለይቶ ለመጀመሪያው «እክል ልየታ»፣ ለሁለተኛው «መላ» ማለት የሚበጅ ይመስለናል። ልየታው ይቀድማል፤ መላው ይከተላል።

ልየታው በቤት ውስጥ ሽቦ አልባ መረብ ላይ ሲፈጸም አምስት ሥፍራዎችን ይመለከታል፤ ለእያንዳንዳቸው የተለየ አነጋገር ያስፈልጋል።

(ሀ) መሣሪያው። አንድ ስልክ እምቢ ሲል በዚያው ቤት ሌላው ከሠራ እክሉ የዚያ ስልክ ነው። የይለፍ ቃሉ ተለውጦ ይሆናል፤ ዋይፋዩ ጠፍቶ ይሆናል። አንድ የአገራችን ልዩ ምክንያትም አለ። ስልኩ ላይ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት በእጅ የሞላ ሰው መሣሪያውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ በቀን የተወሰነ ስለሆነ፣ ስልኩ ማረጋገጫውን ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥርና ገጹን አይከፍትም። ኔትወርኩ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ለዚህ «ስልኩ አሻፈረኝ አለ» ማለት «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ ለእውነት ይቀርባል።

(ለ) ከመሣሪያው እስከ ራውተሩ። አጠገቡ ሲሆኑ ሠርቶ በጓዳ ውስጥ እምቢ ካለ እክሉ ጥላ ነው። ራውተሩን ከፍ ባለና ገላጣ በሆነ ሥፍራ ማስቀመጥ መላው ነው። እንደ አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ራውተር በበዛበት ሥፍራ ደግሞ እክሉ ጥላ ሳይሆን መጨናነቅ ሊሆን ይችላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት መተላለፊያዎች 1፣ 6 እና 11 ሲሆኑ ጎረቤቶች ሁሉ በአንዱ ላይ ከተሰበሰቡ በገበያ መካከል እንደሚነጋገር ሰው ይሆናሉ። ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ መፈተን ይህችን መንገድ ከጥርጣሬ ነጻ ያወጣታል፤ ወይም ጥፋተኛነቷን ያረጋግጣል።

(ሐ) ከራውተሩ እስከ ጣቢያው። ይህ መንገድ የመዳብ ሽቦ፣ ፋይበር ወይም የተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በስልኩ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚለካው የ(ለ)ን መንገድ ብቻ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ አንድም ገጽ የማይከፍት ከሆነ ራውተሩ ከቤቱ ጋር እንጂ ከዓለም ጋር አልተገናኘም። የቤቱ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ካቆሙ ምስክሩ ይበልጥ ይጸናል። ራውተሩን አጥፍቶ ጥቂት ቆይቶ ማብራት ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው መሣሪያው የተደናገረ ትውስታውን ጥሎ ከጣቢያው ጋር እንደ አዲስ ስለሚተዋወቅ ነው። ለዚህ «መስመሩ ተቋረጠ» የሚለው የሽቦው ዘመን አነጋገር አሁንም ትክክል ነው።

(መ) ሒሳቡ። ፓኬጅ ካለቀ ወይም ወርሃዊው ክፍያ ካልተፈጸመ «ሒሳቡ አለቀ» ይባል እንጂ ኔትወርኩ አይወቀስ።

(ሠ) መብራቱ። የቤቱ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይጠፋል፤ የጣቢያው መብራት ሲጠፋና መጠባበቂያው ሲያልቅ የመንደሩ ሁሉ ስልክ ይጠፋል። የጎረቤትን ስልክ መጠየቅ ሁለቱን ይለያል።

8. ጠፋ፣ ተቋረጠ፣ ተዘጋ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት እክሎች ሁሉ በቤት ውስጥ ወይም በባለሙያ የሚስተካከሉ ናቸው። አንድ ሌላ ዐይነት ግን አለ። በ2009 ዓ.ም. ለብሔራዊ ፈተና ሲባል በአገሪቱ ኢንተርኔት እንዲቆም ተደርጓል። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ለሳምንታት ቆሟል። በ2015 ዓ.ም. የሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰውን ግጭትና የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ተከትሎ በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። በእነዚህ ጊዜያት ራውተሩን ያጠፋና ያበራ፣ ስልኩን ይዞ አፋፍ ለአፋፍ የዞረ ሰው ከድካሙ በቀር ያተረፈው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ሦስቱ ግሦች በሰዋስው የሚለያዩበት ነጥብ ዋጋው ከፍ ይላል። «ጠፋ» አድራጊ የለውም፤ ነገሩ በራሱ እንደሆነ ይናገራል። «ተቋረጠ» ተደራጊ ቢመስልም አድራጊውን ለማወቅ አያስገድድም፤ መስመር በጎርፍም በሰውም ይቋረጣል። «ተዘጋ» ግን በር ያለውን ነገር የሚመለከት ሲሆን፣ በር ካለ ቁልፍ አለ፤ ቁልፍ ካለ ያዢ አለ። ስለሆነም በትእዛዝ የቆመውን አገልግሎት «ጠፋ» ብሎ መዘገብ ወይም መተርጎም የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእውነት ጉዳይ ነው። በአንጻሩ በጓዳ ጥላ ምክንያት የደከመውን ዋይፋይ «ተዘጋ» ማለት ያልበደለን መክሰስ ይሆናል። ጋዜጠኛ፣ ተርጓሚና መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እነዚህን ሦስቱን እንደ ተመሳሳይ ቃላት አንዱን በሌላው መተካት አይገባቸውም።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከተው የአማርኛ ተናጋሪ የርቀት ግንኙነትን በመጀመሪያ በሽቦው፣ ቀጥሎ በነፋሱ፣ በኋላም በሽቦው አለመኖር ሰይሟል። በዚህ ጉዞ ውስጥ የዕቃው ስም ሲበዛ የእክሉ ስም አንሷል። ድሮ እንጨት፣ ሽቦና መስመር የየራሳቸው ግሥ ነበራቸው፤ ዛሬ ኔትወርክ ሁሉንም ጠቅልሎ እንደ አየር ጠባይ ይመጣል፣ ይሄዳል።

የቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ሲቋቋም የተጀመረው የሙያ ቃላት ሥራ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን አበርክቷል። ከዚህ በኋላ የሚዘጋጁ መዛግብተ ቃላት ከዕቃው ስም ጎን እክሉን የሚገልጹትን ግሦች፣ እያንዳንዱም ግሥ የሚመርጠውን ባለቤት ቢመዘግቡ ለመመሪያ ተርጓሚዎች ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ለጊዜው የሚቀርቡት ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ለጋራጅ አልባ መተያየት «ማዶ ለማዶ»፣ ለተከለለ ሥፍራ «የሞገድ ጥላ»፣ ለተንጸባረቀ ሞገድ «የሞገድ ገደል ማሚቶ»፣ ለምርመራው «እክል ልየታ»፣ ለመፍትሔው «መላ»። ሁሉም ከመንዝ እስከ መርሐ ቤቴ ያለ ሰው በዕለት ኑሮው የሚያውቃቸው ናቸው፤ አዲስ የሆነው የሚውሉበት ሥራ ብቻ ነው። አንባቢያን ከየአካባቢያቸው የእክል አነጋገሮችን ቢያሰባስቡ ዝርዝሩ ይሰፋል፤ የቀረቡትም ቃላት በአገልግሎት ተፈትነው የሚጸኑት ይጸናሉ፤ የማይበጁትም ይቀራሉ።